ዴስክቶፕን ከሊኑክስ ወደ ፍሪቢኤስዲ ማሻገር፦ ስራው የት ላይ ነው የሚከብደው?

ላፕቶፕ ስትከፍቱ የምታዩት ነገር ሁሉ፣ ከታች ያለው ባር፣ የፋይል መስኮቱ፣ የባትሪና የዋይፋይ ምልክቱ፣ ፍላሽ ስትሰኩ ብቅ የሚለው መልእክት፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ይመስላል። ዊንዶውስ ላይ ሁለቱ ተጣብቀው ስለሚመጡ ልዩነቱ አይታወቅም። ኦፕን ሶርስ ጋ ሲመጣ ግን ይለያያሉ። ፊት ለፊት የምናየው ክፍል ዴስክቶፕ ኢንቫይሮመንት ይባላል፤ የሚሰራው አንድ ቡድን ነው። ከስሩ ያለውን ሲስተም የሚሰራው ሌላ ቡድን ነው። ዴስክቶፑን ከለመደው ሲስተም አውጥቶ ሌላው ላይ እንዲሰራ ማድረግ «ፖርት ማድረግ» ይባላል። ዛሬ እሱን እናያለን።

ምሳሌ የምናደርገው ፍሪቢኤስዲን ነው። ስሙን ሰምታችሁ ላታውቁ ትችላላችሁ፣ ግን ሳታውቁት ሳትጠቀሙበት አትቀሩም። የፕሌይስቴሽን 4 ሲስተም የተሰራው እሱ ላይ ተመስርቶ ነው። ኔትፍሊክስ ቪዲዮ የሚያከፋፍልባቸው ሰርቨሮችም በፍሪቢኤስዲ ይሰራሉ። ዋትሳፕም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰርቨሮቹ ፍሪቢኤስዲ ነበሩ። የመጀመሪያው ስሪት የወጣው በ1993 ሲሆን፣ ዘሩ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከተሰራው ዩኒክስ ይመዘዛል። ሊኑክስ ደግሞ በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ ዩኒክስን እንዲመስል አድርጎ ከዜሮ የጀመረው ነው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ ውስጣቸው ግን የተለያየ ነው። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ትልልቆቹ ዴስክቶፖች ሁለት ናቸው። ኬዲኢን በ1996 የጀመረው ማቲያስ ኤትሪክ የሚባል ጀርመናዊ ተማሪ ነው። ግኖምን በ1997 ሚጌል ዴ ኢካዛ እና ፌዴሪኮ ሜና የሚባሉ ሜክሲኳውያን ጀመሩት። በዚያን ጊዜ ሶላሪስ፣ አይሪክስ፣ ኤችፒ ዩኤክስ የሚባሉ ብዙ ዓይነት ዩኒክሶች ስለነበሩ፣ «ኮዳችን ሁሉም ላይ ይስራ» ማለት የተለመደ ነገር ነበር።

እስቲ ከቀላሉ እንጀምር። ኮዱን ወስዶ ፍሪቢኤስዲ ላይ ኮምፓይል ማድረግ አሰልቺ ነው እንጂ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ብዙ የሊኑክስ ስክሪፕቶች የመጀመሪያ መስመራቸው «ባሽን ቢን ከሚባለው ፎልደር አምጣ» ይላል። ፍሪቢኤስዲ ላይ ባሽ ከሲስተሙ ጋር አይመጣም፤ ብትጭኑትም የሚቀመጠው ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው። በዚች አንድ መስመር ምክንያት ሙሉው ስራ ይቆማል። ፖርት የሚያደርገው ሰው «ፓች» የሚባል ትንሽ ማስተካከያ ይጽፍና ይቀጥላል። አንድ ዴስክቶፕ በመቶዎች ከሚቆጠሩ ፓኬጆች ስለሚሰራ ግን እንዲህ ዓይነቷ ነገር ደጋግማ ትመጣለች።

ዋናው ችግር የሚጀምረው ኮምፓይሉ ካለቀ በኋላ ነው። ዴስክቶፑ ይከፈታል፣ ያምራል፣ ግን ባትሪው ስንት ፐርሰንት እንደቀረ አያሳይም። ፍላሽ ትሰካላችሁ፣ ዝም። አዲስ ፋይል ታወርዳላችሁ፣ ፎልደሩ ውስጥ አይታይም። «አጥፋ» የሚለውን ትነካላችሁ፣ ምንም የለም። ለምን? ዴስክቶፑ እነዚህን ነገሮች ራሱ አያውቃቸውም፤ ከስሩ ያለውን ሲስተም እየጠየቀ ነው የሚያውቀው። ጥያቄውን የሚያቀርበው ደግሞ ሊኑክስ በሚገባው መንገድ ነው።

የፋይሉን ጉዳይ እንይ። «እዚህ ፎልደር ውስጥ የተቀየረ ነገር ካለ ንገረኝ» ለማለት ሊኑክስ ከ2005 ጀምሮ ኢኖቲፋይ የሚባል መንገድ አለው። ፍሪቢኤስዲ ከዚያ ቀድሞ በ2000 ኬኪው የሚባል የራሱን ሰርቷል። ኬኪው ጎበዝ ነው፣ ግን ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ለመከታተል እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ መያዝ አለበት። ሺህ ፎቶ ያለበትን ፎልደር አስቡት። መፍትሄው አስተርጓሚ መጻፍ ሆነ፦ ከላይ ኢኖቲፋይ መስሎ የሚቀርብ፣ ከስር ግን ኬኪውን የሚያናግር ላይብረሪ። ለዓመታት በዚህ ሲሰራ ቆይቶ፣ በ2025 መጨረሻ በወጣው ፍሪቢኤስዲ 15.0 ላይ ኢኖቲፋይ ራሱ ከርነሉ ውስጥ ገባ።

ሌላውም እንደዚሁ በአስተርጓሚ ነው። ሊኑክስ ላይ ዲስክና ፍላሽን የሚያስተዳድር ዩዲስክስ የሚባል አገልግሎት አለ፤ ፍሪቢኤስዲ ላይ ቢኤስዲስክስ የሚባል ቦታውን ይተካል። ዴስክቶፑ ከማን ጋር እንደሚያወራ አያውቅም፣ መልሱ እስከመጣለት ድረስም ግድ የለውም። የኢንቴልና የኤኤምዲ ግራፊክስ ድራይቨሮች ደግሞ ከሊኑክስ ከርነል ተወስደው በማስማሚያ ኮድ ነው የሚሰሩት። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሊኑክሱ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ገና ከገበያ የወጣ ላፕቶፕ ላይ ስክሪኑ አልሰራ ቢላችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

እዚህ ጋ አንድ የሚያናድድ ታሪክ አለ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሃል የሚባል የሃርድዌር አስተዳዳሪ ነበር፤ ግኖምም ኬዲኢም ይጠቀሙበት ነበር። የፍሪቢኤስዲ ሰዎች ደክመው የራሳቸውን ሲስተም እንዲያውቅ አደረጉት። ብዙም ሳይቆይ የሊኑክሱ ወገን ሃልን ትቶ ወደ ዩዲስክስና ወደ መሰሎቹ ሄደ። እንደገና ከዜሮ!

ከዚያ በ2010 ሲስተምዲ መጣ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አገልግሎቶችን የሚያስጀምር፣ ማን ሎግኢን እንዳደረገ የሚመዘግብ፣ ሌላም ብዙ ስራ የያዘ ሶፍትዌር ነው። ከመስራቾቹ አንዱ ሌናርት ፖተሪንግ ለሊኑክስ ብቻ የሰራው ሆን ብሎ እንደሆነ አልደበቀም፤ የሊኑክስ ከርነል ብቻ ባሉት ነገሮች ላይ የቆመ ነውና። ግኖም ቀስ በቀስ እሱ ላይ ተደገፈ። በ2014 ኦፕንቢኤስዲ የሚባለው ሌላው የቢኤስዲ ዘር፣ በጉግል የተማሪዎች ክረምት ፕሮግራም በኩል ለሲስተምዲ አገልግሎቶች ምትክ ለማሰራት ሞክሮ ነበር። በሰኔ 2025 ደግሞ የግኖም ሰዎች ጥገኝነቱ ከበፊቱ የበለጠ እንደሚጠብቅ፣ ሲስተምዲ የሌላቸው ሲስተሞችም የራሳቸውን ምትክ ማዘጋጀት እንዳለባቸው አሳወቁ።

ማን ነው ትክክል? እኛ ግኖሞችን ሙሉ በሙሉ አንወቅስም። ራሳቸው የማይጠቀሙበትን፣ የማይፈትኑትን ኮድ ለዓመታት ተሸክመው ነበር፤ ይሄ ስህተት ያመጣል። ግን ሸክሙ አልጠፋም፣ ትከሻ ነው የቀየረው። የወረደው ደግሞ ከስራ ሰዓታቸው ውጭ በነጻ በሚሰሩ ጥቂት ሰዎች ላይ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም ሊወስደው ይችላል፤ ወስዶ ግን በየስድስት ወሩ አዲስ ስሪት በወጣ ቁጥር ማስተርጎሙን መቀጠል አለበት። ሰው ሲደክመውና ሲተወው ፖርቱ ያረጃል፣ ተጠቃሚውም ሳይወድ ወደ ሊኑክስ ይመለሳል።

ኬዲኢ በዚህ ረገድ የተሻለ ሁኔታ ላይ ነው፤ ፍሪቢኤስዲ ላይ ፕላዝማ 6ን መጫን ይቻላል። ኤክስኤፍሲኢ ከሁለቱም የቀለለ ነው። ከሲስተሙ የሚጠይቀው ትንሽ ስለሆነ ለማሻገር ይቀላል፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሮጣል።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ላፕቶፓችሁን ፎርማት አታድርጉ! መጀመሪያ ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ጭናችሁ እዩት። ንጹሁ ፍሪቢኤስዲ ሲጫን የሚያሳያችሁ ጥቁር ስክሪንና ጽሁፍ ነው፣ ዴስክቶፑን ለብቻ ትጭናላችሁ። ያ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ዴስክቶፑ ተዘጋጅቶ የሚመጣውን ጎስትቢኤስዲን ሞክሩ። በእውነተኛ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ የዋይፋይ ካርዳችሁ የሚደገፍ መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ዋይፋይ የፍሪቢኤስዲ የቆየ ደካማ ጎን ነው።

አማርኛ ለመጻፍ ግን ብዙም አትቸገሩም። የኪቦርድ አቀማመጦቹ ስብስብ ሊኑክስም ፍሪቢኤስዲም የሚጋሩት ነው፤ አማርኛ ውስጡ አለ፣ ተራ ዳታ ስለሆነም ፖርት የሚያደርገው ሰው አያስፈልገውም። የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት፣ ለምሳሌ ኖቶ፣ መጫን ብቻ አትርሱ፤ ካልሆነ በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ነው የምታዩት።