ኢምፒዳንስ፦ «እግደት»

ደብረ ማርቆስ ገበያ ስፒከር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ «ስንት ዋት ነው?» ይላል። ሻጩም ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመውን በሺህ የሚቆጠር ቁጥር ያሳየዋል። ያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚሉት ማሻሻጫ ስለሆነ ቢታለፍ ይሻላል። አምፕሊፋየር የሚያድነው ወይም የሚያቃጥለው ስፒከሩ ጀርባ በትንሹ የተጻፈው ነው፦ 4፣ 6 ወይም 8፣ ከጎኑም የፈረስ ጫማ የምትመስለው የግሪክ ፊደል ኦሜጋ።

ጥገና ቤቶች «ኦም» ብለው ያልፉታል። ኦም ግን መለኪያው ነው፤ የሚለካው ነገር ኢምፒዳንስ ይባላል፤ ስሙን በ1886 እ.ኤ.አ. ያወጣለት እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ ነው። እኛ «እግደት» ብንለው ያስኬዳል። «እገዳ» እንዳንል እገዳ ጨርሶ መከልከል ነው፤ እዚህ ኮረንቲው እየተገታም ቢሆን ያልፋል።

እግደት ከሬዚስታንስ ይለያል። 8 ኦም የተባለውን ስፒከር በቴስተር ብትለኩት 6 ገደማ ያሳያችኋል። ስፒከሩ አልተበላሸም፤ ቴስተሩ ያየው ስፒከሩ ውስጥ ያለውን የጥቅልል ሽቦ ብቻ ነው። ሙዚቃ ሲገባ ኮረንቲው ያለማቋረጥ አቅጣጫ ይለዋውጣል፤ ጥቅልሉም ማግኔቱ መሐል እየተርገበገበ ኮረንቲውን መልሶ ይገፋዋል። የዚህ ሁሉ ውጤት ነው እግደት። ለዚህም ነው በባስና በቀጭን ድምፅ እኩል የማይሆነው።

ጣጣው የሚመጣው ለድግስ ነው። ሳሎን ውስጥ ሁለት ስፒከር ይዞ በሰላም የኖረ አምፕሊፋየር ወደ ዳስ ይወጣል። ሞንታርቦ መከራየቱ ይቅር ይባልና (ስሙ የአንድ ጣሊያን ፋብሪካ ነው፣ እኛ የትልቅ ስፒከር ሁሉ መጠሪያ አደረግነው) ከጎረቤት ሁለት ስፒከር ይጨመራል። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች እግደታቸው 4 ይሆናል፤ ባለ 4ቹ ደግሞ 2። እግደቱ በግማሽ ሲወርድ ከአምፕሊፋየሩ የሚሳበው ኮረንቲ እጥፍ ይሆናል። ጀርባው ላይ «ከ6 እስከ 16» የተጻፈበት ማሽን 4 ኦም አይችልም። ሰውን የሚያታልለው መጀመሪያ ላይ ድምፁ መጉላቱ ነው። ከዚያ ትራንዚስተሮቹ ይግላሉ፤ መከላከያ ያለው ራሱን ያጠፋል፣ የሌለው ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ስፒከሩን ይዞት ይሄዳል። የአንዱን ጥቁር ከሌላው ቀይ ጋር አያይዞ በተከታታይ ቢያስሯቸው ግን 8ና 8 ተደምሮ 16 ይሆናል። ድምፁ ይቀንሳል፣ ማሽኑ ይተርፋል።

ሲታሰር ሶኬቱ ይነቀል። ከተላጠው ሽቦ አፈንግጣ ከቀዩ ማሰሪያ ጥቁሩን የነካች አንዲት ክር እግደቱን ወደ ዜሮ ታወርደዋለች፤ ያ ሾርት ነው። የአንዱን ስፒከር ቀይና ጥቁር መገልበጥ ግን ባሱን ያሳሳዋል እንጂ አያቃጥልም።

ደጋ ነው፣ የጋለውን አምፕሊፋየር ብርዱ ያበርደዋል የሚባለውም አያስተማምንም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ከጋለ ብረት ላይ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ከቻይና በሚመጡ አንዳንድ ዕቃዎች ላይ ከ2,000 ሜትር በታች ብቻ እንዲሠራባቸው የሚያሳስብ ምልክት አለ። እንግዲህ አምፕሊፋየሩ ከግድግዳው ራቅ ይበል፤ ላዩ ላይ የተነጠፈው ዳንቴልም፣ የቤቱን እመቤት ቅር ቢያሰኝም፣ ይነሣ።