ኔትወርክ በሌለበት አገር መዝገብ ስለ መጠበቅ

ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የጭላሎን ተራራ ከኋላው፣ አሰላን ከጎኑ ትቶ ወደ ዝዋይ ሐይቅ አቅጣጫ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ፣ የገብሱንና የስንዴውን ደጋ ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ፣ የከታር ወንዝ ውኃውን ወደ ሐይቁ ወደሚያወርድበት ሞቃት ሜዳ ሲቃረብ፣ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ኦጎልቾን ያገኛል። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 ከለቀቃቸው የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች አንዱን በስሟ ስለ ሰየመው፣ ከተማይቱን በዓይኑ ያላየ ገበሬ እንኳ ኦጎልቾ ሲባል የዘር ስም መሆኑን ያውቃል። ለእኔ ግን ይህ ስም ከዘሩ ጋር አንድ ሌላ ታሪክ ያነሣብኛል፤ ይኸውም ዕውቀት ከአሰላ ተነሥቶ ማሳ እስኪደርስ፣ የማሳውም ወሬ ተመልሶ አሰላ እስኪገባ ድረስ በመካከል ያለውን ርቀት ሰዎች በየዘመኑ እንዴት እንደ ተሻገሩት የሚናገር ታሪክ ነው። ዛሬ ባለሙያዎች ኦፍላይን ካሽ የሚሉት፣ ማለትም ድረ ገጽ ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ በስልኩ ውስጥ ካስቀመጠው ቅጂ እንዲሠራ የማድረግ ጥበብ፣ የዚሁ ታሪክ የቅርብ ምዕራፍ ነው፤ ሕመሙም የቆየ ሕመም ነው።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው ካዱ የተባለውን የጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ባቋቋሙ ጊዜ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የተጠናው ሁሉ ወደ ገበሬው የሚደርሰው በልማት ሠራተኛው እግርና በሰርቶ ማሳያው እርሻ ነበር። የልማት ሠራተኛው ከአሰላ የተቀበለውን መመሪያ በደብተሩ ጽፎ ይወርዳል፤ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ መመሪያው ቢለወጥ፣ በእጁ ያለው ደብተር መለወጡን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1952 ከተቋቋመ ወዲህ የስልክ ሽቦ ብዙ ከተሞችን ሲያገናኝ፣ ኢንተርኔትም በ1997፣ ተንቀሳቃሽ ስልክም በ1999 ወደ አገራችን ሲገቡ፣ ርቀቱ አጠረ እንጂ አልጠፋም፤ ምሰሶው ባለበት መብራት ይጠፋል፣ መብራት ባለበት ሸለቆው የአንቴናውን ሞገድ ይጋርዳል።

ርቀቱ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከሁሉ ይልቅ ያሳየው የስንዴ ዋግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ተነሥቶ በሰፊው ተዘርቶ የነበረውን ኩብሳ የተባለ ዝርያ ክፉኛ ከጎዳው በኋላ፣ ቢጫውን ዋግ ስለሚቋቋም ተመርጦ የተስፋፋው ዲገሉ የተባለው ዝርያ ደግሞ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተመታ። የግንድ ዋግ ዱቄቱን በነፋስ እየላከ ከማሳ ማሳ የሚዛመት፣ ደኅና መስሎ የዋለውንም አዝመራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገለባ አድርጎ የሚያስቀር በሽታ ስለሆነ፣ በአንድ ቀበሌ የታየው ምልክት በቶሎ ካልተነገረ ለጎረቤቱ ቀበሌ የሚቀረው ማልቀስ ብቻ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ተባብረው የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሲያቆሙ፣ የነፋሱን አካሄድ የሚያሰላው ማሽን በውጭ አገር ይሁን እንጂ፣ የሥርዓቱ መሠረት ማሳ ውስጥ ገብቶ ቅጠሉን ገልጦ የሚያየው የአገራችን ዳሳሽ ነበር። እርሱም ያየውን ኦዲኬ በተባለው ፕሮግራም ይመዘግባል፤ መዝገቡ በመሣሪያው ውስጥ ይቆያል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። ወደ ገበሬው ለሚመለሰው ምክርም በ2014 የተከፈተው 8028 የስልክ መስመር አንዱ መንገድ ሆነ።

ኦዲኬ ስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው። በብራውዘር የሚከፈተውን ቅጽ ያለ ኔትወርክ ማሠራት ግን ከዚህ የከበደ ነገር ሆኖ ቆይቷል። ጉግል ጊርስ በተባለው የብራውዘር ጭማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ሙከራው ተጀመረ፤ ቀጥሎም አፕካሽ የተባለው ሥርዓት በብራውዘሮቹ ውስጥ ገባ። የአፕካሽ አሠራር በወረቀት ላይ ያማረ ነበር፤ የፋይሎቹ ስም በአንድ ዝርዝር ተጽፎ ይሰጣል፣ ብራውዘሩም ሁሉንም አውርዶ ያስቀምጣል። በተግባር ግን ከዝርዝሩ አንዲት ፋይል ሳትወርድ ብትቀር ዝማኔው በሙሉ ይሰረዛል፤ ኔትወርክ እያለም ቢሆን ገጹ አስቀድሞ የሚመጣው ከተቀመጠው አሮጌ ቅጂ ነው፤ አዲሱ ከበስተጀርባ ቢወርድ እንኳ ተጠቃሚው የሚያየው ገጹን ደግሞ ሲከፍተው ብቻ ነው። ከዚህም የከፋው ዝርዝሩ ራሱ በብራውዘሩ ተራ ካሽ ውስጥ ተይዞ የቀረ እንደሆነ ነበር፤ ያን ጊዜ ስልኩ ለውጥ ያለ መሆኑን የሚሰማበት ጆሮ የለውም። ኔትወርክ ለሌለበት ሥራ የተዘጋጀው ኤንኬቶ የተባለው የድረ ገጽ ቅጽ በመጀመሪያ በዚሁ በአፕካሽ ላይ ቆሞ ሠርቷል። በጤናው በኩል አገራችን የተቀበለችው ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የመረጃ ሥርዓትም የብራውዘርን ካሽ የሚያጸዳ አንድ መሣሪያ ከራሱ ጋር ይዞ መምጣቱ፣ ይህ ችግር የአንድ መንደር ችግር እንዳልነበረ በቂ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ በክሮም፣ በ2018 ደግሞ በአይፎን ላይ የገባው ሰርቪስ ወርከር አፕካሽን ተክቶ አስወጣው፤ በ2020 እና በ2021 ከታላላቆቹ ብራውዘሮች አንዳንዶቹ አፕካሽን ፈጽመው አስወገዱት። ሰርቪስ ወርከር በገጹና በኔትወርኩ መካከል ቆሞ፣ እንደ ቀድሞ ቤተ መንግሥት አጋፋሪ፣ ማን ወደ ውስጥ እንዲገባ፣ ማን በደጅ እንዲቆይ የሚወስን ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ገጹ አንድ ነገር በጠየቀ ቁጥር ከተቀመጠው ልስጥ ወይስ ከሰርቨሩ ላምጣ የሚለውን እርሱ ይቆርጣል። ሥልጣን በሰፋለት መጠን ግን ጥፋቱም ለማየት ያስቸግራል።

አንድ የወረዳ ባለሙያ ማለዳ ከኦጎልቾ ተነሥቶ፣ ከማሳ ዳር ቆሞ ስልኩን ሲከፍት፣ ትናንት ቢሮ ሳለ ተሻሽሏል የተባለው ቅጽ ቀርቶ ያለፈው ወቅት ቅጽ ቢወጣበት፣ መጀመሪያ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ገጹን በጣቱ ወደ ታች ስቦ ሪፍሬሽ ያደርጋል። አይለወጥም። ደግሞ ይስባል፤ አሁንም ያው ነው። ምክንያቱም አዲሱ ሰርቪስ ወርከር ከወረደ በኋላ እንኳ፣ አሮጌው የሚያገለግላቸው ገጾች ሁሉ እስኪዘጉ ድረስ ተራውን ጠብቆ ይቆማል፤ ሪፍሬሽ ደግሞ ገጹን አይዘጋውም፤ ከሳምንት በፊት ተከፍቶ የተረሳ ሌላ ታብም ካለ ያው አሮጌው እንዳለ ይቀጥላል። መድኃኒቱ የድረ ገጹን ታቦች አንድ ሳይቀር ዘግቶ እንደ ገና መክፈት ነው።

ይህም ካልረዳ የስልኩ ቀን ይታይ። ሰርቪስ ወርከር የሚሠራው በተመሰጠረ መስመር ብቻ ነው፤ የመስመሩም የምስክር ወረቀት የሚጸናበት ዘመን የተወሰነ ነው፤ ባትሪው አልቆ ቀኑ ወደ ኋላ የተመለሰ ስልክ፣ ወይም ባለቤቱ በእጁ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ያስቀረው ስልክ፣ ባለፈ ዘመን ቆሞ ስለሚያይ የምስክር ወረቀቱን ገና ያልጸና ነው ብሎ ይጥለዋል። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ጥፋት ራሱን መደበቁ ነው፤ አዲሱን ማምጣት ያልቻለው ስልክ የተቀመጠውን አሮጌ ቅጽ ያለ አንዳች ቅሬታ ስለሚያወጣ፣ ባለሙያው ስልኩ ደኅና እየሠራ ይመስለዋል። ኦፔራ ሚኒ ዳታን አብዝቶ በሚቆጥብበት አሠራሩ ሰርቪስ ወርከርን ከነጭራሹ እንደማይቀበል፣ ማኅደረ ትውስታው በቪዲዮ የሞላ ስልክም ቦታ ሲያጥረው ብራውዘሩ ያስቀመጠውን ሳይጠይቅ ሊያስወግድ እንደሚችል እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

በየቢሮው እንደ መጀመሪያ እርዳታ የሚነገረው ምክር ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም፤ «ካሹን አጥፋው» የሚል ነው። ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። በብራውዘሩ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ማኅደር አንድ ሳይሆን ሦስት ነው፤ ብራውዘሩ ራሱ የሚይዘው ተራው ካሽ፣ ሰርቪስ ወርከር ገጾቹን የሚያኖርበት ማኅደር፣ ኢንዴክስድ ዲቢ የተባለውና ባለሙያው የሞላቸው፣ ገና ያልተላኩ መዝገቦች የሚቀመጡበት ማኅደር። የተቀመጡ ሥዕሎችንና ፋይሎችን ብቻ አጥፋ ብሎ የመረጠ ሰው የሚነካው የመጀመሪያውን ነው፤ አሮጌው ቅጽም እንዳለ ይቆየዋል። ተናድዶ ኩኪንና የድረ ገጹን ዳታ አጥፋ የሚለውን የጨመረ ግን ሦስቱንም ባዶ ያደርጋቸዋል፤ ቅጹ ይታደሳል፣ ሦስት ቀን በፀሐይ ሲዞር የሰበሰበው የዋግ መዝገብም አብሮ ይጠፋል፤ ከሰርቨር ስላልደረሰ የሚመልሰው የለም። እንግዲህ ሥርዓቱ ይህ ይሁን፤ አስቀድሞ ያልተላከ መዝገብ መኖሩን ማየት፣ ኔትወርክ ወዳለበት ወጥቶ መላክ፣ መድረሱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ ማጽዳት።

መላክ ራሱ የሚያታልልበት ጊዜ አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል በቆየበት ወቅት የስልክ ጥሪ ይሠራ ነበር፤ ማንኛውም ስልክ ከምሰሶው ጋር እንደ ተያያዘ ነበር ማለት ነው። ብራውዘር መስመር አለ የሚለው ስልኩ ከአንድ ኔትወርክ ጋር መያያዙን አይቶ እንጂ ኢንተርኔት መድረሱን ፈትኖ ስላልሆነ፣ አስቀድመህ ከኔትወርክ አምጣ ተብሎ የታዘዘ ሰርቪስ ወርከር የማይመጣውን መልስ እየጠበቀ ነጭ ገጽ ይዞ ይቆማል፤ ቅጂው በእጁ እያለ። በሰላሙም ቀን ኔትወርክ ሞልቶ ዳታ እምቢ ሲል የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ ለአገራችን የሚሠራ ፕሮግራም ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ መልስ ካላገኘ የተቀመጠውን እንዲያወጣ መታዘዝ አለበት፤ መዝገብም ተልኳል የሚባለው ሰርቨሩ መቀበሉን ሲመልስ ብቻ መሆን ይገባዋል።

ባለሙያው ማሳ ዳር ኮምፒዩተር የለውም፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ግን ስልኩን በኬብል አያይዞ ሦስቱንም ማኅደር አንድ በአንድ ሊያይ ይችላል። ይህ ልዩነት ስላለ ጸሐፊው የሚያየውን ባለሙያውም በመጠኑ እንዲያይ ማድረግ ግዴታው ነው እላለሁ፤ የቅጹ የእትም ቁጥር፣ መጨረሻ የተላከበት ቀን፣ ሳይላኩ የቀሩት መዝገቦች ብዛት በመጀመሪያው ገጽ ላይ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፈው ይታዩ። የቅጹም ለውጥ ዳሰሳው በሚጧጧፍበት በመስከረምና በጥቅምት አይለቀቅ፤ የግድ ከሆነም አዲሱ እትም አሮጌው ያስቀመጣቸውን መዝገቦች ማንበብ እንደሚችል፣ ከመለቀቁ በፊት ያልተላከ መዝገብ በያዘ እውነተኛ ስልክ ላይ፣ ኔትወርኩ ተዘግቶ ይፈተን።