ኦንዳንሴትሮን

ኦንዳንሴትሮን ማቅለሽለሽንና ማስታወክን የሚከላከል መድኃኒት ነው። በተለይ ለካንሰር ኬሞቴራፒ ወይም የጨረር ሕክምና ለሚወስዱና ቀዶ ሕክምና ለሚደረግላቸው ሰዎች ይታዘዛል። በክኒን፣ በሽሮፕና በመርፌ መልክ ይገኛል።

አሠራር

እንደ ሲስፕላቲን ያሉ የካንሰር መድኃኒቶች የትንሹን አንጀት ሕዋሳት ሲጎዱ ሴሮቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቀቃል። እሱም በቬገስ ነርቭ በኩል አንጎልን ለማስታወክ ይቀሰቅሳል። ኦንዳንሴትሮን ሴሮቶኒን የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች በመዝጋት ይህን መልእክት ያግዳል።

አወሳሰድ

መድኃኒቱ ይበልጥ የሚረዳው ኬሞቴራፒው ከመሰጠቱ በፊት ሲወሰድ ነው፤ አንዴ የጀመረ ማስታወክን ማስቆም ከመከላከል ይከብዳል። ብዙ ጊዜ ከዴክሳሜታሶን ጋር ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚመጣውን ማቅለሽለሽ በደንብ ይከላከላል። በቀጣዮቹ ቀናት ለሚመጣው ግን ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ ማስታወክን በብርቱ ለሚያስከትሉ ሕክምናዎች እንደ አፕሬፒታንት ወይም ኦላንዛፒን ያሉ መድኃኒቶች ይጨመሩበታል።

የጎንዮሽ ጉዳት

ራስ ምታት፣ የሆድ ድርቀትና ድካም የተለመዱ ናቸው። አልፎ አልፎ አደገኛ የልብ ምት መዛባት ሊያስከትል ስለሚችል፣ የልብ ሕመም ያለበት ወይም በደሙ ውስጥ የፖታሲየም መጠን ያነሰበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ታሪክ

ኦንዳንሴትሮንን የሠራው ግላክሶ የተባለው የብሪታንያ ኩባንያ ነው። ከዚያ በፊት ማስታወኩ ስለሚበረታባቸው ሕክምናቸውን የሚያቋርጡ ሕመምተኞች ነበሩ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ዞፍራን በሚል የንግድ ስም ተፈቀደ። ዛሬ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።