ዲግሪ ይዞ ገብቶ ዲፕሎማ ይዞ መውጣት

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፣ ስለ መምህራን ሥልጠና ስንከራከር ይቺ ታሪክ አትነሳም። እ.ኤ.አ. በ1936 የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ጄምስ ኮናንት (ሰውዬው ኬሚስት ነው) ለመምህርነት የሚሆን ማስተርስ አስጀመረ። የሳይንስና የሥነ ጥበባት ፋኩልቲውና የትምህርት ትምህርት ቤቱ ዲግሪውን በጋራ እንዲመሩት አደረገ። አንዱ ዕውቀቱን፣ ሌላው ማስተማሩን።

እኛ ጋር ፒጂዲቲ ሲመጣም ሐሳቡ ያው ነበር፤ መጀመሪያ ፊዚክሱን በዲግሪ ጨርስ፣ ከዚያ ማስተማር ተማር። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው። እዚያ ማስተርስ ይሰጣል፤ እዚህ ዲግሪ ይዞ የገባ ልጅ ዲፕሎማ ይዞ ይወጣል! እኔ ራሴ በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ወረቀት ደሞዝ ላይ ምን እንደሚሠራ አሳምሬ አውቃለሁ። ጎበዝ ልጆች «ቲቸር፣ ከዲግሪ በኋላ ለዲፕሎማ ብዬ?» ሲሉኝ ምን ልበላቸው?