«ኢፋት ለምን ጠፋች?»፦ ስለ ምክንያት ፍለጋና ስለ ሚዛኑ

በሸዋ ሮቢትና በአካባቢዋ ታሪክ ስናስተምር ከደረሳዎች ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ፤ በኢፋት ቆላ የሚታዩት የድንጋይ መስጂዶችና የከተማ ፍርስራሾች ለምን ባዶ ቀሩ? የምንሰማቸው መልሶች በአብዛኛው ሁለት ናቸው። አንደኛው ነዋሪዎቹ ስለ ኮሩ የአላህ ቁጣ ወረደባቸው ይላል። ሁለተኛው የክርስቲያኑ ንጉሥ መጥቶ አጠፋቸው ይላል። ሁለቱም አጭር ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ምክንያት ብቻ ይሰጣሉ፤ ሰሚውም ሌላ ጥያቄ ሳያነሣ ይረካል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ እርካታ ነው።

አስቀድመን ምንጮቹን እንስማ። በ1285 እ.ኤ.አ. ዑመር ወላስማ የሸዋን የመኽዙሚ ሥርወ መንግሥት ድል ነሥቶ ግዛቱን በኢፋት ሥር አደረገ። በ14ኛው ምዕተ ዓመት አል-ዑመሪ ከዘረዘራቸው ሰባት የሐበሻ ሙስሊም ግዛቶች አንዷ ኢፋት ስትሆን፣ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድም በእርሷ ያልፍ ነበር። በ1332 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዓምደ ጽዮን በሱልጣን ሰብር አድ-ዲን ላይ ዘመተ። ስለዚህ የጦርነቱ መልስ ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ግን ነው። አል-መቅሪዚ እንደሚተርከው ከዚያ በኋላ የወላስማ ቤተሰብ ራሱ ተከፋፈለ። ከፊሉ ለንጉሡ እየገበረ በኢፋት መግዛትን መረጠ። ሐቅ አድ-ዲን ግን በአጎቱና በአያቱ በዐሊ ላይ ተነሣ፤ ካሸነፈ በኋላም አያቱን በኢፋት ትቶ ወሐል የተባለች አዲስ መናገሻ ቆረቆረ። ወንድሙ ሰዕድ አድ-ዲን በዘይላ ከተገደለ በኋላ ልጆቹ ወደ የመን ተሻግረው ተመለሱ፤ የሥልጣኑም ማዕከል በአዳል ጸና። ሕዝቡ ግን አልጠፋም፤ አርጎባዎች ዛሬም በኢፋት ተዳፋት ላይ አሉ። እንግዲህ ውድቀቱ ከዘመቻ፣ ከቤተሰብ ጠብና ከመናገሻ መዛወር የተገመደ ነው፤ አንዱን ክር መዝዞ «ይህ ነው ምክንያቱ» ማለት ገመዱን አያሳይም።

ታዲያ አንዱ ክር ብቻ ለምን ያረካናል? የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ታኒያ ሎምብሮዞ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች ለሁለት የሕመም ምልክቶች ሁለት በሽታዎችን ከመገመት አንድ በሽታን መገመት እንደሚመርጡ አሳይታለች። ወደ ሁለቱ እንዲያዘነብሉ ማስረጃው እጅግ ማመዘን ነበረበት። ሮዘንብሊትና ኪል ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. ሰዎች የዕለት ተዕለት ዕቃዎች እንዴት እንደሚሠሩ በሚገባ የሚያውቁ እንደሚመስላቸው፣ ደረጃ በደረጃ እንዲያስረዱ ሲጠየቁ ግን የገዛ ዕውቀታቸውን ዝቅ አድርገው እንደሚገምቱ አረጋግጠዋል። መርካት ማወቅ አይደለም።

ይህን ድካም የኛ ሊቃውንት ቀድመው አይተውታል። ወላስማዎች መናገሻቸውን ወደ ምሥራቅ በሚያዛውሩበት ዘመን፣ በ1377 እ.ኤ.አ. ኢብን ኸልዱን «ሙቀዲማ»ን ጻፈ። በዚያም የጥንት ሕንፃዎች የገዘፉት ሠሪዎቹ ግዙፋን ስለ ነበሩ ነው የሚለውን ወሬ ተቸ። ማስረጃው ቀላል ነበር፤ የሠሙድ ሰዎች ከዓለት የፈለፈሏቸው ቤቶች በሮቻቸው እንደኛው ቤቶች በሮች ናቸው። በኛም አገር በጨርጨር ያሉት ፍርስራሾች ሐርላ የተባሉ ግዙፋን ሥራ ናቸው፤ በኩራታቸውም ጠፉ ሲባል ኖሯል። ኢብን ኸልዱን ወሬውን የመዘነው በሩን አይቶ ነው። በኢፋትም በሩን የሚያዩ መጥተዋል፤ ፎቬልና ሂርሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር አስበሪን፣ ኖራንና መሳልን መርምረው ውጤቱን በ2006 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነው። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም የተጋረደችው ስለ ኢብራሂም ሞት ነው አሉ። ማብራሪያው ለነቢዩ ክብር የሚጨምር ይመስል ነበር፤ እርሳቸው ግን አልተቀበሉትም። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች መሆናቸውን፣ በማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተምረው ወደ ሶላት መሩ። ምልክቱን ወደ አምልኮ አዞሩት፤ ያልተረጋገጠውን ምክንያት ግን ጣሉት።

ከዚህ የምንወስደው ሚዛን ዒብራን ከሰበብ መለየት ነው። ቁርኣን በምድር ተጉዘን የቀደሙትን ፍጻሜ እንድናይ ያዘናል፤ ዒብራ መውሰድ ግዴታችን ነው። የዓድና የሠሙድ ጥፋት ቅጣት መሆኑን ያወቅነው ግን በወሕይ ነው። ስለ ኢፋት ወሕይ አልወረደልንም። መስጂድ የሠሩ፣ ሙታናቸውን ወደ ቂብላ የቀበሩ ሰዎች በቁጣ ጠፉ ብሎ መፍረድ የገይብን ዕውቀት መድፈር ነው። ሁለተኛውም መልስ የራሱ አደጋ አለው። የስድስት መቶ ዓመትን ጉዳይ በአንድ ጥፋተኛ ሲዘጋ፣ ዐሊ ለንጉሡ ገብሮ መግዛቱን ይሸሽጋል፤ የዚያን ዘመን ደምም በዛሬ ጎረቤት ላይ ይጽፋል። አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው በአንድ ገበያ በሚውሉበት በዚህ ቆላ፣ በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አካባቢ ከደረሰው እልቂትና ቃጠሎ በኋላ፣ ጥፋትን ሁሉ በአንድ ወገን ላይ የሚጥል ትረካ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚዛመት አይተናል።

ስለዚህ መምህሩ «ኢፋት ለምን ጠፋች?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን ከመስጠቱ በፊት ደረሳውን የሚያውቀውን ደረጃ በደረጃ እንዲጽፍ ቢያዘው መልካም ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ከዚያስ ምን ሆነ? ብዕሩ በሚቆምበት ቦታ ትምህርቱ ይጀምራል። ኢማሙም በኹጥባው ዒብራውን ይንገር፤ ሰበቡን ግን ምንጭ በሚደርስበት ልክ ይናገር። ከዚያ በላይ ላለው «አላሁ አዕለም» የሚለው ቃል አለን፤ ሊቃውንቶቻችን ጽሑፋቸውን ሲዘጉበት የኖሩትም ይኸው ነው።