ያረጀ ስፖኪዮ፣ ውድ መሬት፦ የቦታ ዋጋ ከየት ይመጣል?

ሶማሌ ተራን ረግጦ የማያውቅ አዲስ አበቤ እንኳ ስሙን ሰምቷል። የመኪናው ስፖኪዮ ሌሊት የተነቀለበት ሰው ጠዋት ቀድሞ የሚያስበው እዚያ መሄድን ነው። (የራሱን ስፖኪዮ በገንዘቡ መልሶ ይገዛል የሚለው ቀልድ ከሰፈሩ ጋር አብሮ ያረጀ ነው።) ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪና ፍሬቻ፣ ፓራፋንጎ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፤ ሁሉም መርካቶ ውስጥ እዚችው ሰፈር ይፈለጋል፤ ብዙ ጊዜም ይገኛል። ቃላቱን ልብ በሉልኝ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

አሁን ከዕቃው ዓይናችሁን አንሱና ሱቁን እዩት። ቆርቆሮ፣ ጭቃ፣ የዛገ ብረት። ቤቱ ፈርሶ ቢሸጥ ስንት ያወጣል? ከምንም አይቆጠርም። ሱቁ የቆመበት ቦታ ግን በአገሪቱ እጅግ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። በ2007 ዓ.ም. ገደማ በመርካቶ አካባቢ ለወጣ የሊዝ ጨረታ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ ቀርቧል። አንድ ካሬ ሜትር ማለት እኮ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚቆምባት ቁራሽ መሬት ናት!

ታዲያ ይህን ዋጋ ማን ፈጠረው? ለማንስ ይደርሳል? በዓለም ላይ ያለ ሪል ስቴት ኩባንያ በሙሉ፣ ከዱባይ እስከ ሆንግ ኮንግ፣ የሚኖረው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ጎረቤቴ ጠላቴም ደንበኛ አምጪዬም ነው

«ተራ» የሚለውን ቃል አስቡት። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ላይ ላዩን ሲታይ ሞኝነት ይመስላል፤ ተወዳዳሪህ አጠገብ ሱቅ ለምን ትከፍታለህ? ግን ገዢውን አስቡት። የጠፋችበትን አንዲት ዕቃ ፍለጋ ከተማውን ሲዞር ከሚውል፣ ሁሉም ወዳለበት ይመጣል። አንዱ ጋ ባያገኝ ሻጩ ራሱ «ቆይ፣ እዚያ ማዶ ላስመጣልህ» ይለዋል። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ዓይነት ሙያ ያላቸው ሰዎች በአንድ ሰፈር ሲሰባሰቡ ለምን ሁሉም እንደሚጠቀም አስረድቷል። የመርካቶ ነጋዴ ይህን ለማወቅ ማርሻልን ማንበብ አላስፈለገውም።

ስለዚህ የሶማሌ ተራ ቦታ ዋጋ የተቀመጠው በቆርቆሮው ውስጥ አይደለም። ለዓመታት ደንበኛን ባለመዱ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ በመንገዱ፣ በአውቶቡሱ፣ በከተማው ማደግ ውስጥ ነው። አሜሪካዊው ሄንሪ ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1879 ያነሳው ክርክርም ይኸው ነው፤ የመሬትን ዋጋ የሚያሳድገው ኅብረተሰቡ ሆኖ ሳለ ትርፉን የሚወስደው ባለመሬቱ ነው፣ ይሄ እንዴት ይሆናል? ጆርጅ በመፍትሔው ትክክል ይሁን አይሁን ዛሬም ይከራከሩበታል። በጥያቄው ግን ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

በረሃ ገዝቶ ከተማ የሸጠው ኩባንያ

ዓለም አቀፍ የሪል ስቴት ኩባንያ ለባለአክሲዮኖቹ ሀብት እንዴት እንደሚፈጥር ለማየት ከጎረቤታችን ግብፅ የተሻለ ምሳሌ የለም። ኤድዋርድ ኤምፓን የሚባል ቤልጅጋዊ ባለሀብት ነበር፤ በፓሪስ የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ ላይ የተሳተፈ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ከግብፃዊው ቦጎስ ኑባር ፓሻ ጋር ሆኖ ከካይሮ በስተሰሜን ምሥራቅ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ደረቅ በረሃ ገዛ። 2,500 ሄክታር ገደማ ነው። ዋጋው ለአንድ ፈዳን (ከግማሽ ሄክታር ትንሽ ያነሰ መሬት) አንድ የግብፅ ፓውንድ! ያን ጊዜ እብድ ነው ያሉት አይጠፉም።

ኤምፓን ግን የገዛው አሸዋ አልነበረም። የገዛው ርቀትን ነው። በዓመቱ ኩባንያ አቋቋመ፤ የኩባንያው ስም ራሱ ሚስጥሩን ይናገራል፦ «የካይሮ የኤሌክትሪክ ባቡርና የሄሊዮፖሊስ ኦሲስ ኩባንያ»። ባቡሩ ቀድሞ፣ ከተማው ተከትሎ። የኤሌክትሪክ ባቡር ከካይሮ ወደ በረሃው ሲዘረጋ 10 ኪሎ ሜትር የነበረው መንገድ የደቂቃዎች ጉዞ ሆነ። ውሃና መብራት ገባ፣ ሰፊ መንገድ ተቀደደ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ደግሞ ግዙፍ ሆቴል ተከፈተ (በኋላ የፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት የሆነው ነው)። መሬቱ ያው መሬት ነው። በአንድ ፓውንድ የተገዛው ፈዳን ግን ከዚያ በኋላ የሚሸጠው በካሬ ሜትር እየተመተረ ሆነ።

ልዩነቱ የት ገባ? ወደ ባለአክሲዮኖቹ ኪስ። ባቡር ብቻ የሚያንቀሳቅስ ኩባንያ ከትኬት ሌላ ገቢ የለውም፤ በሐዲዱ ዳር ያለው መሬት ሲወደድ የሚከብረው ሌላ ሰው ነው። ኤምፓን ሁለቱን በአንድ እጅ ያዘ። በነገራችን ላይ የእኛን የጂቡቲ ባቡር ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለ99 ዓመት የሰጡት ፈቃድ ነበር፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ድሬዳዋ ሲደርስ ገንዘብ አልቆበት ከሰረ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በሌላ ኩባንያ እጅ በ1909 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ የስንቱን መሬት ዋጋ አሳደገ! ገንዘባቸውን ያወጡት የመጀመሪያዎቹ ባለአክሲዮኖች ግን ከዚህ አልቀመሱም።

የመርካቶ መሬት ታሪክ ባጭሩ

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባን መሬት በግል መያዝንና መሸጥን በሕግ ፈቀዱ። የከተማዋ ዋና ገበያ ያኔ አራዳ ነበር፣ ጊዮርጊስ አጠገብ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ገባ፤ ነጭና ጥቁር ለይቶ ከተማዋን ሊያቅድ ተነሣ። አራዳን ለአውሮፓውያን አደርጋለሁ ብሎ የአገሬውን ነጋዴ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ አዲሱን ስፍራ «የአገሬው ገበያ» አለው፣ በጣሊያንኛ መርካቶ ኢንዲጄኖ። የመጨረሻዋ ቃል በአምስት ዓመት ውስጥ ከፋሺስቱ ጋር ተባረረች፣ «መርካቶ» ቀረች። ከፍሬቻና ከካምቢዮ ጋር።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ዛሬ በወርቅ ዋጋ የሚታየው ቦታ ያኔ የተባረሩ ሰዎች የተጣሉበት ዳርቻ ነበር። በረሃውን ከተማ ያደረገው የኤምፓን ገንዘብ ነው። መርካቶን መርካቶ ያደረጉት ግን አቃቢም ባቡርም ያልነበራቸው፣ ብዙዎቹም ከጉራጌ አገር በእግራቸው የመጡ ነጋዴዎች ናቸው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። የመርካቶ ሱቅ ኪራይ ባለበት ተቸነከረ። ገበያው ግን አልተቸነከረም፤ እያደገ ሄደ። ስለዚህ በወር ጥቂት ብር የሚከፈልበት የቀበሌ ሱቅ ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ውስጥ ለውስጥ የሚጠየቀው ገንዘብ ሌላ ሆነ። ሕጉ የመሬትን ዋጋ ከወረቀት ላይ ሰረዘው፤ ዋጋው ግን በጓሮ በር ተመልሶ ገባ።

ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ሊዝ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ የሚሸጠው ለተወሰኑ ዓመታት የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሪል ስቴት ኩባንያ ባለአክሲዮን፣ በጥብቅ ስንናገር፣ መሬት የለውም። ያለው ጊዜና ግንብ ነው።

ትርፉ የሚባዛበት ስሌት

እስቲ ትንሽ እንቁጠር። አንድ ሕንፃ ለመሥራት 100 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል፤ ተጠናቆ በ130 ሚሊዮን ይሸጣል። ባለአክሲዮኖች ሙሉውን 100 ከኪሳቸው ቢያወጡ ትርፋቸው 30 ሚሊዮን ነው፣ ማለትም 30 በመቶ። ጥሩ ነው። የሪል ስቴት ሰው ግን እንዲህ አይሠራም። 20 ሚሊዮን ከባለአክሲዮን፣ 30 ሚሊዮን ከባንክ፣ ቀሪውን 50 ደግሞ ገና መሠረቱ ሳይወጣ ከቤት ገዢዎች በቅድሚያ ይሰበስባል። ለባንኩ 6 ሚሊዮን ወለድ ቢከፍል 24 ሚሊዮን ይተርፋል። ትርፉ በብር አነሰ አይደል? ባለአክሲዮኖቹ ያወጡት ግን 20 ብቻ ነው። 120 በመቶ አተረፉ ማለት ነው! በፕላን ላይ ያለ ቤት በማስታወቂያ ሲሸጥ የምታዩት ለዚህ ነው።

ስሌቱን አሁን ገልብጡት። ገበያው ወርዶ ሕንፃው በ104 ቢሸጥ፣ ሁሉን በራሳቸው ያደረጉት 4 ሚሊዮን ያተርፋሉ፤ በብድርና በቅድመ ክፍያ የሠሩት 2 ሚሊዮን ይከስራሉ። ወደ 80 ቢወርድ ጉድለቱ 26 ሚሊዮን ይሆናል፤ የባለአክሲዮኖቹ 20 ተሟጦ ያልቃል፣ ቀሪው 6 በባንኩና በቤት ገዢው ላይ ይወድቃል። የአክሲዮን ማኅበር አባል ካዋጣው በላይ አይጠየቅምና። ይህ የተወሰነ ኃላፊነት የሚባለው መርህ በ1952ቱ የንግድ ሕጋችን ውስጥ ነበር፣ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዲሱም አለ። በአክሰስ ሪል ስቴት ጉዳይ ቀድመው ከፍለው ቤታቸውን ለዓመታት የጠበቁት ገዢዎች የተማሩት ይህን የስሌቱን ሌላ ገጽ ነው። ቤት የገዙ መስሏቸው ነበር፤ ለካ ያለ ወለድ ያበደሩ ናቸው።

ተከራዩ ባለአክሲዮን ሲሆን

መርካቶ ላይ የተሞከረው ነገር ከኤምፓን መንገድ ይለያል፤ እኔ በበኩሌ በኢኮኖሚ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ ይገባዋል እላለሁ። ከተማው ቆርቆሮው ይነሳና ፎቅ ይቁም ሲል ነጋዴዎቹ ሁለት ምርጫ ነበራቸው፦ ለባለብዙ ብር ገንቢ ቦታ መልቀቅ ወይም ራሳቸው ገንቢ መሆን። ብዙዎች ሁለተኛውን መረጡ። የአንድ ተራ ተከራዮች ተሰባስበው አክሲዮን ማኅበር መሠረቱ፤ ገንዘብ አዋጡ፣ ተበደሩ፣ የገበያ ማዕከል አቆሙ። የድሮው ሕግ ለአክሲዮን ማኅበር ቢያንስ አምስት አባላትና 50 ሺህ ብር ነበር የሚጠይቀው፤ የመርካቶ ሰው ደግሞ ከዚያ በፊት በእቁብ ስንት ዘመን ገንዘብ ማሰባሰብ ለምዷል። ጎረቤት ለጎረቤት ዋስ መሆንን የሚያውቅ ሰፈር ለአክሲዮን እንግዳ አይደለም።

እዚህ የባለአክሲዮኑ ጥቅም የዓመት ትርፍ ክፍፍል ብቻ አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ሱቁን፣ ምድር ላይ፣ በሩ መንገድ የሚያይ ሱቁን ነው። ችግሩም እዚህ ይጀምራል። ፎቅ ሲወጣ ቦታ ይበዛል፣ ዋጋው ግን በእያንዳንዱ ደረጃ ይወርዳል። ጨርቅ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይሸጥ ይሆናል። የሶማሌ ተራን ሞተር ግን ማን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ያወጣዋል? መኪናውን ደጅ አቁሞ ፍሬቻ የሚያስገጥመውስ ደንበኛ? ያለ ደጅ ይህ ንግድ የለም። የቆርቆሮው ሰፈር አደጋው ግልጽ ነው፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራን የበላው እሳት መንገድ ማጣት ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል። ግን የሶማሌ ተራን ሀብት የሠራው አብሮ መሬት ላይ መደርደሩ ከሆነ፣ ሕንፃው ያንን አፍርሶ የቱን ዋጋ ሊሸጥ ነው?

ከስሌቱ ውጭ የሚቀሩም አሉ። ስሙ በቀበሌ ውል ላይ ያለው ሰው አክሲዮን ይገዛል። ከእሱ ተከራይቶ የሚሠራው፣ ደጃፉ ላይ ካቻቢቴ ይዞ የሚገጥመው ልጅ፣ ጎሚስታው፣ ሸካሚው፣ ቡና የምታፈላው ሴት ደንበኛ በማምጣቱ ላይ ድርሻ ነበራቸው፤ በአክሲዮኑ ላይ ግን የላቸውም።

ከመርካቶ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በድሮው ባቡር ጣቢያ፣ የአቡዳቢው ኢግል ሂልስ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የለገሃርን ፕሮጀክት ሲጀምር የኤምፓን ዓይነት ስሌት ወደ እኛ መጣ፦ 36 ሄክታር ገደማ፣ አንድ ዕቅድ፣ አንድ ገንቢ። መንግሥት 27 በመቶ ድርሻ እንዳለው ያኔ ተገልጿል። ይህ ከጆርጅ ጥያቄ ጋር ይገናኛል፤ መሬቱ ሲወደድ ሕዝቡ በመንግሥት በኩል የሚያገኘው በሊዝ ብቻ ሳይሆን በድርሻም ሊሆን ይችላል ማለት ነው፣ ትርፉ በእርግጥ ከተከፋፈለ።

የመርካቶ ባለአክሲዮን ሌላም የጎደለው ነገር ነበር። ድርሻውን መሸጥ ቢፈልግ ገበያ የለም። በንጉሡ ዘመን በብሔራዊ ባንክ ሥር አክሲዮን የሚያገበያይ ቡድን ነበር፣ ከአብዮቱ ጋር ጠፋ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። የገበያ ማዕከላት አክሲዮኖች አንድ ቀን እዚያ ቢቀርቡ፣ የሰፈሩን ልጅ ብቻ ሳይሆን መርካቶን በዓይኑ ያላየ ሰውም ይገዛቸዋል። ያን ጊዜ ባለሱቁና ባለአክሲዮኑ አንድ ሰው መሆናቸው ያበቃል፤ አንዱ ኪራይ እንዲቀንስ፣ ሌላው እንዲጨምር ይፈልጋል።