የመንገዱን ታሪክ ማን ይጻፈው?



እዚህ ቤርሳቤህ፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ፣ አዛውንቶቻችን ቁጭ ብለው ሲጫወቱ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሱዳን ይገባል። አንዱ ገዳሪፍን፣ ሌላው ኡምራኩባን ያነሣል። ሰምተን ዝም እንላለን እንጂ አንጽፈውም።

አለመጻፍ ምን እንደሚያስከትል ከአባ ማኅሪ ጉዞ እንማር። እኚህ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1862 ወገኖቻችንን አስከትለው፣ ባሕሩ ይከፈልልናል ብለው በእግራቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ብዙዎች በረሃብና በበሽታ አለቁ፤ ጉዞውም አክሱም አካባቢ ተቋረጠ። የአባ ማኅሪ ስም ቀረልን፤ የተከተሏቸው የብዙዎቹ ስም ግን ጠፋ።

የኛ ዘመን ጉዞ እንዲህ እንዳይጠፋ ከደከሙት አንዱ ጋዲ ቤንኤዘር ናቸው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ሲሆኑ፣ በሱዳን በኩል የመጡ 45 ወጣቶችን ታሪክ አዳምጠው እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጡ። ብዙ ጊዜ ስለ ስደተኛ የሚጠናው አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። እሳቸው ግን የጠየቁት መንገዱን ራሱን ነው፤ ከወጣቶቹ አፍም ሦስት ነገር ደጋግሞ ወጣ፦ አይሁዳዊነት፣ መከራ፣ ጀግንነት።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ በሌሊት የተጓዘው፣ በመጠለያ የተራበው፣ ወገኑን የቀበረው አይሁዳዊ ነኝ ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ራቢናቱ በሚቅዌ ውኃ ጥለቁ ሲል ቁስሉ ለምን እንደ ጠለቀ፣ ወገኖቻችንም በኢየሩሳሌም በራቢናቱ ደጅ ለሳምንታት ለምን እንደ ተቀመጡ የሚገባን ይህን መንገድ ስናውቅ ነው።

ከራሳችንም የጻፉ አሉ። ሽሙኤል ይልማ እ.ኤ.አ. በ1996 የራሱን ጉዞ በመጽሐፍ አሳትሟል። ነገር ግን በዚያ መንገድ ያለቁት ወደ 4,000 ይገመታሉ። በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቢቆምላቸውም፣ የእያንዳንዳቸውን ታሪክ የሚያውቀው አብሯቸው የተጓዘ ሰው ነው፤ እሱም እያረጀ ነው።

እናቶቻችን የሚተርኩት በአማርኛና በትግርኛ ነው፤ ልጆቻችን የሚያነቡት በዕብራይስጥ። ሁለቱንም የምንሰማ እኛ መካከል ላይ ነን። ስለዚህ ዛሬውኑ ጠይቁ፦ ከማን ጋር ወጣችሁ? የት አደራችሁ? ማንን ቀበራችሁ? ስሙን ጻፉ፣ መንደሩን ጻፉ። ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም፤ ጆሮና እርሳስ ይበቃል።

አምላከ እስራኤል ለአረጋውያኖቻችን ዕድሜ ይስጥልን። ሰላም ሁኑ።